ሰው የማይረግጠው አፈር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በማሕሌት የጨረስሁ ሰው ነኝ። ያላየሁትን አየሁ ብል በመጨረሻው ቀን የምጠየቅበት እኔው ነኝ። ስለዚህ አልጨምርም፤ አልቀንስምም።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር ማለቂያ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ የእኅቴ የየብርጓል ግቢ።

ሰማዩ ቀልቷል፤ ወፍ ተንጫጭቷል። ጨለማ አሳስቶት ነው የሚለኝ እንዳይኖር ይህን አስቀድሜ ተናገርሁ።

እኔ መሪጌታ አምደሚካኤል እባላለሁ። የምኖረው ይጁቤ ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ደብረ ማርቆስ የወረድሁት ለተዝካር ነበር። የእኅቴ ባል እንዳላማው በታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት አርፎ፣ አርባው የሚወጣው በዚያው ዕለት ነው።

እንዳላማው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ደግ ሰው፣ ዝምተኛ ሰው። ልጅ አልወለዱም። ጡረታ ሲወጣ ልቡን የጣለው በአንድ ተክል ላይ ነው።

የዝሆን ጆሮ።

ሥሩን ከቆላ አገር፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከወንበሩ ሥር ደብቆ ነበር ያመጣው። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ሲለበስ ከበረንዳው ጎን አንዲት ገበታ የምታህል መሬት ሳትለበስ እንድትቀር አደረገ፤ ዙሪያዋን በጡብ አጠረ፤ በዚያ ተከላት።

ግን የደብረ ማርቆስ ብርድ አልተስማማትም። በየዓመቱ ቅጠሏ ከጭልፋ አይበልጥም ነበር። እርሱ ተስፋ አይቆርጥም። ሥሯን ቆፍሮ ያወጣል፤ በጎኗ የበቀሉትን ልጆቿን በምላጭ ይለያል፤ የተቆረጠውን ገላ አመድ ይነሰንስበታል፤ በጥላ ያሳድረዋል።

«ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል፣ መሪጌታ» ይለኝ ነበር።

ኋላ በሽታ ያዘው። ሆዱ ውሃ ይቋጥር ጀመር።

ሐኪሞቹ በመርፌ ይቀዱለት ነበር። በልብስ ማጠቢያ ሳሕን ሙሉ... የገብስ ጭድ ያደረበት የሚመስል፣ ቢጫ ውሃ። ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ መልሶ ይነፋል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ እምብርቱ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ሳሕኑን የምትደፋው እኅቴ ነበረች።

በመጨረሻው ሰሞን ስጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ነገር ብቻ ይላል።

«ውሃ ጠጣች?»

እኅቴን መስሎኝ ነበር። ተክሏን ነው።

...

ወደዚያ ጧት ልመለስ።

በዋዜማው የደረስሁት ከመሸ ስለ ነበር ግቢውን በብርሃን አላየሁትም። በበረንዳው ቆሜ የነግህ ጸሎቴን ስጀምር ድምፅ ሰማሁ።

ጠብ...

ጠብ...

ዝናብ ነው እንዳልል፣ ጥር ነው። ቧንቧ ነው እንዳልል፣ ውሃ ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሰው ሁሉ ጀሪካን ተሸክሞ ነው የሚውለው። ምድሩ በውርጭ ነጥቷል።

ዞር ብዬ አየሁ።

የዝሆን ጆሮዋ ከበረንዳው ጣሪያ ደርሳ ነበር።

በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ውርጭ የጎረቤቱን ኮባ እንኳ እንደ እሳት ጠብሶታል፤ እርሷ ግን አረንጓዴዋ ጠቁሮ፣ ቅጠሏ የሰው ቁመት አክሎ ቆማለች። ግንዷ ወፍሮ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከቅጠሎቹ ጥቂቶቹ በቢላ ተቆርጠው ተወስደዋል። ከጉቶዎቹ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ፣ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል።

ከቀሩት ቅጠሎች ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥራቸው ሳሕን ተቀምጧል።

ያው ሳሕን። አውቀዋለሁ። ከንፈሩ የተላጠ ሰማያዊ ሳሕን ነው።

መዳፌን ዘረጋሁ። አንዲት ጠብታ አረፈችብኝ።

ትሞቃለች።

በዚያ ውርጭ ትሞቃለች... ገና ከሰው ገላ እንደ ወጣ ሁሉ ትሞቃለች። ወደ አፍንጫዬ አቀረብሁት። ሳሙና፣ ላብ፣ ከዚያም ሥር ያ የበሽተኛ ክፍል ሽታ። ምራቄ መረረኝ። እጄን በጋቢዬ ጠረግሁ፤ በሲሚንቶው ላይ ፈተግሁ። ማሳከኩ አልለቅ አለኝ።

«ወንድም ጋሼ... ነቁ?»

የብርጓል ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላዬ ቆማለች። ሳሕኑን አነሣች፤ ሞልቶ ነበር። ጎንበስ ብላ በተክሏ ሥር ደፋችውና ባዶውን መልሳ አስቀመጠች። እጇ የለመደ እጅ ነው።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ። ወለላ እንዳትሰማ።»

ወለላ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት።

«ምኑን ነው የማትሰማው?»

ወደ አጥሩ ዘወር ብላ አየች።

«የብርጓል፣ ይህች ተክል ድንክ አልነበረችም?»

«ነበረች።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከ... ከታኅሣሥ ወዲህ።»

ገባኝ። ሊገባኝ ባይፈልግም ገባኝ።

እንደ አገራችን ልማድ የሬሳ ማጠቢያ ውሃ በየትም አይደፋም። ሰው በማይረግጠው አፈር ላይ ነው የሚፈስሰው። አባቶቻችን ይህን ሲያዙ ግን ግቢ ሁሉ አፈር ነበረ፤ ጓሮ ነበረ፤ ከአጥር ሥር ጥጋጥግ ነበረ። እኅቴ ግቢዋ ሲሚንቶ ነው። ደጁ መንገድ ነው።

«እዚህ ነው የደፋሽው?»

«ታዲያ የት ልድፋው?» አለች በሹክሹክታ። «ሥርዓቱን ብዬ ነው... ሰው የማይረግጠው አፈር ይቺ ብቻ ናት። በበነጋው ጥቅል ቅጠል አወጣች። በሳምንቱ ማንጠባጠብ ጀመረች። ብተወው ግቢው ይሸታል። ስለዚህ እደፋዋለሁ። ሲሞላ... እደፋዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ፊቷን በብርሃን ያየሁት።

ጉንጯ አብጧል። የዓይኗ ቆብ ከብዷል። የጋብቻ ቀለበቷ በጣቷ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የአንገቷ ማተብ... ክሩ አይታይም። ሥጋው ከላይና ከታች አብጦ ውጦታል። መስቀሉ ብቻ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ወጣ ሁሉ ተንጠልጥሏል።

«ታምመሻል።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ይጁቤ ትሄጃለሽ። ይህችንም ዛሬውኑ ነቅዬ እጥላታለሁ።»

እግሬ ላይ ወደቀች። «በተዝካሩ ቀን! ሰው ምን ይለኛል? ባሏ ያሳደጋትን በአርባው ነቀለች አይሉም? እንግዳው ይሂድ። ከዚያ እንዳሉኝ...»

እውነት አላት። በተዝካር ቀን በለቅሶ ቤት ዶማ አይነሣም። እሺ አልሁ። እንግዳው እስኪሄድ።

...

ወለላ የመጣችው ረፋድ ላይ ነው። ጮክ ብላ የምትናገር፣ ሳቋ አጥር የሚዘልል ሴት ናት። ትልቅ ድፎ ዳቦ በሰፌድ ተሸክማለች።

«መሪጌታ! ይጁቤ ዳቦ ጠፋ እንዴ፣ እንዲህ በጧት ከች ያሉት?»

«ሙት ልናስብ ነው የመጣን፣ ወለላ።»

«እሱማ ሆድ ሲሞላ ነው የሚታሰብ! ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ስጠጣ አደርሁ።» ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ኮባውን ውርጭ በልቶብኝ ምን ልሁን ስል... ይኸን የመሰለ ቅጠል በደጃችሁ ተገትሮ! ማታ የብርጓል ለጸሎት ስትወጣ ቆርጬ ወሰድሁ። ባል የተከለው ለባል ተዝካር ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

ድፎ ዳቦ እንደምታውቁት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚጋገር። ቅጠሉ ከእሳቱ ይጠብቀዋል፤ መዓዛም ይሰጠዋል።

እኅቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስንቱን ነው የጋገርሽ?» አልኋት ወለላን።

«ሁሉንም ነዋ! ድንኳን ያሉትማ ተቆራርሰው አልቀዋል፤ ይኼ የካህናቱ ነው።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሳቀች። «የብርጓል ከተክሏ ልጅ ነጥላ ሰጥታኝ እኔም በዘይት ቆርቆሮ ተክያለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወስዷል። ለእርስዎም አይጠፋም።»

ሄደች።

ዳቦውን ወደ ድንኳኑ አስገቡት፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ካህናቱ ተሰብስበዋል። የሟች የንስሐ አባት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ወዳጄ ናቸው፤ በእንባና በሳቅ መካከል የሚኖሩ ሰው። ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ባረኩና ቢላውን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«የቤተ ዘመዱ ታላቅ እርስዎ ነዎት። ይቁረሱልን።»

ቢላውን አላነሣሁትም።

«ኧረ መሪጌታ፣ ዳቦ ነው፣ አይነክስዎትም!»

ካህናቱ ሳቁ።

ቅጠሉን ከጫፉ ያዝሁት። በእሳት ውስጥ ያደረ ቅጠል ደርቆ፣ ነዶ፣ ሲነኩት የሚፈረካከስ ነው። ይህኛው አረንጓዴ ነው። እርጥብ ነው። ስስበው ከዳቦው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ቆዳ እየተላጠ መጣ፤ በመካከሉ ቀጭን ክር የሚስብ ዝልግልጋም ነገር ተዘረጋ።

ከሥሩ ያለው ዳቦ አልጠቆረም። ነጭ ነው። ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የቅጠሉ ጅማቶች እንደ ሰማያዊ ደም ሥር ታትመውበታል። በመካከሉም፣ የቅጠሉ አንገት የተጫነው ቦታ ላይ... ወደ ውጭ የተገለበጠ እብጠት አለ።

ይህን ሆድ ከዚህ ቀደም አይቼዋለሁ።

ሳቁ ቆመ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

ቢላውን እንዴት እንዳሳረፍሁት አላውቅም። ጫፉ እንደ ገባ የታፈነ ትንፋሽ የሚመስል ነገር ወጣ። ከዚያ ውሃ... በቢላው ጎን፣ በጣቶቼ መካከል፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ቢጫ ውሃ ፈሰሰ። ያው ሽታ።

«አልበሰለም» አልሁ። «ማንም እንዳይቀምሰው።»

ከድንኳኑ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህም...»

ሌላም ጠረገ። ሌላም።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ቀድሞ የተቆረሰውን የበላው እንግዳ ሁሉ ጉሮሮውን ይዟል። ሴቶቹ አንገታቸውን ያካሉ፤ ወንዶቹ ምራቅ መዋጥ አቅቷቸው በመሐረብ ይተፋሉ። ከንፈሮቻቸው አብጠው ያብረቀርቃሉ። መጮኽ የሞከረ የለም። ሁሉም እየተፋፈረ... እህም... እህም... ይላል።

በመካከላቸው እኅቴ ተቀምጣለች።

ሁለት እጇን ሙሉ ዳቦ ይዛ ትበላለች። ውሃው በክንዷ ይወርዳል። ጉሮሮዋን አትጠርግም። በዝግታ ታኝካለች፤ ትውጣለች፤ በአመልካች ጣቷ ክንዷ ላይ የወረደውን ጠርጋ ወደ አፏ ትመልሳለች።

«የብርጓል! ትፊው!»

ቀና አለች።

«ምነው ወንድም ጋሼ?» አለች በለሆሳስ። «ቢደፋ ይሻላል?»

ከድንኳኑ ወጥቼ በአጥሩ ሥር አስታወክሁ።

...

እንግዳው ቶሎ ተበተነ። «ቅጠሉ ነው፤ የቆላ ቅጠል ያሳክካል» ብሎ አንድ ሽማግሌ አረጋጋቸው። ልክ ነው፤ ያሳክካል። እኔም በዚህ ቃል መጽናናት ፈልጌ ነበር።

እኅቴን አስተኝተን እኔና ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዶማና አካፋ ያዝን። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ዶማ ሲያርፍ መሬቷ አልጮኸችም። ለስላሳ ነገር ላይ ነው ያረፈው።

አፈሩን በአካፋ ገለጥን። ሥሩ በጡቡ አጥር ውስጥ ሞልቶ፣ ጡቡን ገፍቶ ተቀምጧል። ከእንስራ ይበልጣል። ቡናማ ቆዳው በስስ ጠጉር ተሸፍኗል። በጎኖቹ ትናንሾቹ ተጣብቀዋል፤ እንደ ቡችላ፣ ጡት እንደሚጠቡ ሁሉ። የተነጠሉበት ቦታ አመድ ተነስንሶበታል። አልደረቀም። ይመግላል።

ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ስፍራ ጠበብ ብሏል። አንገት ይመስላል።

«መሪጌታ...» አሉኝ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። ቀልዳቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ይህ ምንድን ነው?»

ጎንበስ አልሁ።

በአንገቱ ዙሪያ ጥቁር ክር ታስሯል። ሥጋው ከላይና ከታች አብጦ ሊውጠው ደርሷል። በክሩ ጫፍ የወይራ መስቀል አለ። አንድ ክንዱ የተሰበረ መስቀል።

የእንዳላማው ማተብ ነው።

ልጆቼ፣ ሬሳውን የገነዝነው እኔና እኚሁ ቄስ ነን። ያችን መስቀል በእነዚህ እጆቼ ደረቱ ላይ አስተካክዬ፣ ከከፈኑ ሥር አድርጌ፣ ክሩን አጥብቄ አስሬ ነው ወደ መቃብር የሸኘሁት። ቄስ ወልደ ሩፋኤልም አይተዋል።

ተያየን።

እርሳቸው ሥሩን ከነልጆቹ በማዳበሪያ ከረጢት አስረው፣ ባጃጅ አስጠርተው ወሰዱት። «ከሰው መንገድ አርቄ እቀብረዋለሁ» አሉኝ። የት እንደቀበሩት ጠይቄያቸው አላውቅም። እርሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም።

ጉድጓዱን በሲሚንቶ እንዲደፍን አንድ ግንበኛ አዝዤ፣ ያለ የሌለ ልብሷን ጠቅልዬ፣ በዚያው ምሽት እኅቴን ይዤ ወደ ይጁቤ ለመሄድ ተነሣሁ። ዕቃዋን አንድ በአንድ ፈትሻለሁ። ሥር የለም። ቅጠል የለም። ያን ሰማያዊ ሳሕን ራሴ ጥዬዋለሁ።

በወለላ ደጅ ስናልፍ የዘይት ቆርቆሮዋን አየሁ። የተከለቻት ግልገል ከበሩ ጉበን በልጣለች።

ከሥሯ ሳሕን ተቀምጧል።

...

ሚኒባሱ ውስጥ የብርጓል ትከሻዬ ላይ ተኛች። ቀለል ያላት መሰለኝ። በቤቴ ወተት ጠጣች፤ ሳቀችም። «አሁን ዳንሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። አምላኬን አመሰገንሁ። ከእንዳላማው ደዌ፣ ከዚያች ተክል፣ እኅቴን አተረፍኋት ብዬ ተኛሁ።

ሲነጋ ለጸሎት ተነሣሁ።

ጠብ...

በምን ቃል ልንገራችሁ?

ጠብ... ጠብ...

ድምፁ የሚመጣው እርሷ ካደረችበት ክፍል ነው። በሩን ገፋ አደረግሁ።

እኅቴ በአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ጣቶቿን ወደ መሬት አንጠልጥላለች። ጣቶቿ አብጠው፣ ጫፋቸው ሾሎ፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ብርሃን ያብረቀርቅባቸዋል። ከእያንዳንዱ ጥፍር ሥር ውሃ ትቋጠራለች... ትከብዳለች... ትወርዳለች። ከሥሩ እንጀራ የምናቀርብበት ሳሕኔ ተቀምጧል። ሊሞላ ነው።

አንገቷ ላይ ማተቧ ፈጽሞ አይታይም።

አየችኝ። አላፈረችም፤ አልፈራችም። እንደ ታመመ ሕፃን ፈገግ አለች።

«ወንድም ጋሼ... ሞልቷል። የት ልድፋው?»

ጎንበስ ብዬ ሳሕኑን አነሣሁ። በእጄ መካከል ይሞቃል። የት ልወስደው እችላለሁ? ከሰው ገላ የወጣ ነው፤ የእኅቴ ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሥርዓቱን ብዬ፣ ሰው የማይረግጠው አፈር ፈለግሁ።

ከጓሮው ጥግ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ከእኛ ቤት ማንም ደርሶበት የማያውቅ አንድ ቦታ አገኘሁ።

ከመስከረም ወዲህ በይጁቤ ጠብታ ዝናብ አልወረደም።

ሳሕኑን ገና አልደፋሁትም፤ አፈሩ ግን ቀድሞ ርሶ ነበር። ይሞቃል።